ሰዓዳ ጸጉሬን የቆረጠችልኝ ዓርብ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ዶሃ፣ አል ሂላል ሠፈር ከምኖርበት ሕንጻ ሥር ባለው የሴቶች ሳሎን ደጃፍ ሳልፍ የጸጉር ማለስለሻ ክሬም ሽታ አፍንጫዬን መታው። የገማ እንቁላል ከበረኪና ጋር የተቀላቀለበት የሚመስል፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ነው። አንዴ የለመደው ሰው ከሃያ ዓመት በኋላም አይስተውም። ቆም አልኩ። እጄ ሳላዘው ወደ ግራ ጆሮዬ ኋላ ሄደ። እዚያ ቦታ ላይ አንዲት ሳንቲም የምታክል፣ ጸጉር የማታበቅል ጠባሳ አለችኝ። ሰው አያያትም፤ እኔም ብዙ ጊዜ እረሳታለሁ። ያን ቀን ግን ገበያዬን ትቼ የሕንጻው በር ላይ ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩና ሰዓዳን ማሰብ ጀመርኩ።

ዶሃ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ዌስት ቤይ ላይ ዛሬ አንገት ቀና ቢያደርጉ ጫፋቸው የማይታይ ሕንጻዎች በቆሙበት፣ ያኔ ጥቂት ግንቦችና ብዙ ክሬኖች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲያ አሸዋ ነው። ታክሲዎቹ ብርቱካንማና ነጭ ነበሩ። ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ይነዳል፤ ማቀዝቀዣውን ክፈትልኝ ሲሉት ሁልጊዜ ተበላሽቷል ነው መልሱ። በወተት የሚፈላው ከረክ ሻይ አንድ ሪያል፣ ሻዋርማ ሦስት ሪያል ነበር። አገር ቤት ለመደወል ካርድ ገዝተን ጀርባውን በጥፍራችን ፍቀን ቁጥሩን እናስገባለን። ልብሳችንን ዛሬ በፎቶ ሳየው ያስቀኛል፤ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ፣ ከሊፕስቲኩ በላይ በጥቁር እርሳስ የተከበበ ከንፈር፣ ተረከዙ እንደ ጡብ የወፈረ ጫማ። ጸጉር ደግሞ ቀጥ ያለ ነበር። ሁላችንም ፎቶው ላይ ጸጉራችን ወደ ታች ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ግንባራችን ላይ ትንሽ ተቆርጦ፣ አንድ እናት የወለደችን እንመስላለን። አሁን በየሞሉና በየቢሮው የማያቸው የእኛ ልጆች፣ ነርሶቹም ኢንጂነሮቹም፣ ከርዳዳ ጸጉራቸውን አጭር አድርገው ትልልቅ ጉትቻ ሰክተው ሲያልፉ እንዴት ቀላል ነገር ይመስላል! ያኔ ቀላል አልነበረም።

እኔ ከአዲስ አበባ የሴክሬታሪ ትምህርቴን ጨርሼ ነው የመጣሁት። አል ሰድ ሠፈር ውስጥ ባለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ተቀጠርኩ። የወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ቁልፎቹ ወርቅማ የሆኑ ኮት ሰጡኝ። እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነበር፤ አረብኛውን ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ከበሽተኞቹ ለቀምኩት። ሥራዬን እወደው ነበር። የማልወደው አንድ ነገር ጸጉሬን ነበር፤ ይህም ዶሃ ውስጥ አልጀመረኝም። እህቴ ዞማ ናት፤ እኔ ከርዳዳ። እቤታችን እንግዳ ሲመጣ አክስቴ የእህቴን ጸጉር እየደባበሰች ቆይታ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ "ይቺ ደግሞ በባሕሪዋ ትካሳለች" ትል ነበር። ክፋት አልነበራትም። እኔ ግን ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ያልተተኮሰ ጸጉር ይዤ ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ማርያምን፣ ዝናብ የምፈራው በጸጉሬ ምክንያት ነበር።

ዶሃ ውስጥ ዝናብ የለም፤ ግን ወበቅ አለ። ጠዋት ተተኩሶ የወጣ ጸጉር ክሊኒክ ሳይደርስ ይነሳል። ስለዚህ ክሬሙን ጀመርኩ፤ በየሁለት ወሩ፣ ከዚያ በየወሩ። አንድ ቀን የሳሎኗ ልጅ ስልክ ስታወራ ክሬሙን ከሚገባው በላይ አቆየችብኝ። ሲያቃጥለኝ ነግሬያታለሁ። "ትንሽ ታገሺ፣ ሲያቃጥል ነው የሚይዘው" አለች፤ እኔም ታገሥኩ። ሲታጠብ ከጆሮዬ ኋላ ጸጉሩ ከነቆዳው ተነሣ። በሳምንቱ የቀረውም እንደ ደረቅ ሣር ይበጠስ ጀመር። ትራሴ ላይ፣ ኮቴ ላይ፣ የበሽተኞች ፋይል ላይ ሳይቀር እየለቀምኩ እጥል ነበር። ከዚያ ዊግ ገዛሁ። በዚያ ሙቀት፣ ቁስል ላይ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዊግ። ሲያሳክከኝ በእስክሪብቶ ጀርባ ከላይ ከላይ እየነካሁ ፈገግ እላለሁ። አራት ወር እንዲህ ኖርኩ።

ሰዓዳ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የወሎ ልጅ ናት፣ ከኮምቦልቻ ከፍ ብሎ ካለ መንደር። አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች፤ ያን ቀን ማዳሟ ጥርሷን ልትታከም ስትገባ እሷ ትንሿን ልጅ ይዛ እንግዳ መቀበያው ጋ ቀረች። ልጅቷ ሁለት ዓመት አይሞላትም። ታለቅሳለች። ላባብላት ብዬ ከጠረጴዛዬ ወጥቼ ጎንበስ አልኩላት። ዝም አለች፤ ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ ጸጉሬን ያዘችና ሳበችው።

ክፍሉ ውስጥ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰው ነበር። ዊጉ ወለሉ ላይ ወደቀ። የተበጣጠሰው ጸጉሬ፣ ያ ቁስል፣ ሁሉም እዚያ መብራት ሥር ተገለጠ። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁን መልሶ ዋጠው። እኔ ጎንበስ እንዳልኩ ነኝ። ሰዓዳ ልጅቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ዊጉን አንስታ፣ የወደቀ ሸማ እንደሚራገፍ አራግፋ አጠፈችና እጄ ላይ አደረገችው። ከዚያ የራሷን ነጠላ ሂጃብ፣ ከላይ የደረበችውን፣ አውልቃ ራሴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከሥር ሌላ ነበራት።

"አብሽሪ እህቴ" አለችኝ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ። "አገርሽ የት ነው?"

"አዲስ አበባ" አልኳት።

"ቁስሉን አየሁት። ይሄን ነገር ደግመሽ እንዳትለብሺው፣ ወላሂ ራስሽ ይሸታል። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እወጣለሁ። ቤትሽን ንገሪኝ።"

ስሟን እንኳን ሳልጠይቃት አድራሻዬን ነገርኳት።

ዓርብ መጣች። እኔ ያኔም አል ሂላል ነበርኩ፤ ሮዛ ከምትባል የሆቴል አስተናጋጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን። ሰዓዳ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች፤ የያዘችውን ፌስታል አስቀምጣ እጇን ታጠበች፤ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ወንበር አስጠጋች። ራሴን በጣቶቿ እየከፋፈለች ረጅም ጊዜ አየችው። ሐኪምም እንዲህ አላየኝም።

"መቀስ አለሽ?" አለች።

"ለምንሽ ነው?"

"የተቃጠለው ከጤነኛው ጋር አብሮ አይኖርም። ወይ እየተበጠሰ አንድ ዓመት ያስለቅስሻል፣ ወይ ዛሬ እንገላገለዋለን።"

"ከዚያ ምን ልመስል ነው?"

"ጸጉሯን የተቆረጠች ሴት" አለች፤ አልሳቀችም።

እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። አክስቴን ነው ያሰብኩት፣ ክሊኒኩን ነው ያሰብኩት፣ ሰው ሁሉ ታማ ነው፣ ምን ደርሶባት ነው ሲል ታየኝ። ሰዓዳ ጥቂት ጠበቀችኝ። ዝም እንደማልል ስታውቅ ከፊቴ መጥታ ቆመችና ሂጃቧን ፈታች። ጸጉሯ ከሁለት ጣት አይበልጥም። ጥቁር፣ እንደ እንጆሪ ፍሬ የተጠቀለለ፣ ዘይት ነክቶት የሚያብረቀርቅ፤ ግንባሯ ላይ በሥርዓት ተበጥሮ ፊቷን ክብ አድርጎታል። እንዲህ ያማረ ራስ አይቼ አላውቅም ነበር።

"መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት፣ እዚህ አይደለም፣ ሌላ አገር ነው" አለች። "ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ማዳም መታጠቢያ ቤት አስገብታ በማሽን ላጨችኝ። ቅማል ይኖርብሻል አለች። አልነበረብኝም። ጸጉሬ እዚህ ይደርስ ነበር" ብላ ደረቷን አሳየችኝ። "በመሳፈሬ ዋዜማ እናቴ ሹሩባ ሠርታልኝ ነበር። ሹሩባው ሳይፈታ ነው የወደቀው።"

እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩ።

"ከዚያ ሲበቅል ፈራሁት። ያስቆርጠኛል እያልኩ። ዶሃ ስመጣ ይቺ ማዳሜ ደግ ናት፣ ምንም አላለችኝም፤ እኔ ግን መስታወት አላይም። አንድ ቀን ኸላስ፣ በቃ አልኩና መቀሱን ራሴ አነሳሁ። ያኔ እነሱ ቆረጡኝ፤ አሁን እኔ እቆርጠዋለሁ። ለሚያየው ሰው አንድ ነው። ለእኔ አንድ አይደለም።"

መቀሱን ከሮዛ የልብስ መስፊያ ሳጥን አወጣሁና ሰጠኋት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓርቦች የተማርኩባቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው የገዛ ጸጉሬን ማጠብ የተማርኩት፤ ያን ያህል ዓመት ተሸክሜው ኖሬ ተፈጥሮውን አላውቅም ነበር። ደረቁን አይበጠርም፤ መጀመሪያ ውኃ ይረጭበታል፣ ከዚያ በጣት ይፈታል፣ ሚዶ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም ከጫፍ ተጀምሮ ወደ ሥር። በሳምንት አንዴ ይታጠባል፣ በየቀኑ አይደለም። ቁስሉ እስኪደርቅ እሬት፣ ከደረቀ በኋላ የጉሎ ዘይት፤ ጥቂት ብቻ፣ መዳፍ ላይ ሞቅ ተደርጎ። የትራሱ ጥጥ የጸጉሩን ዘይት ስለሚጠጣው ከጨርቅ ሱቅ ቁራጭ ሳቲን ገዝተን ለራሴ መጠቅለያ ሰፋችልኝ። ዋናው ግን ተልባው ነው። ተልባ በውኃ ይፈላል፤ እንደ እንቁላል ነጭ ሲለጠጥ ገና በትኩሱ በናይለን ስቶኪንግ ይጠለላል፤ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ ማቀዝቀዣ ይገባል። ሰዓዳ ያንን በጣቷ ጫፍ እያነሳች አጭሩን ጸጉሬን አንድ በአንድ ትጠቀልለዋለች። ሲደርቅ እንደ ጌጥ ይቆማል። አንድ ቀን ሮዛ ከሥራ ደክሟት መጥታ ያንን ማሰሮ ስኳር ጨምራ ጠጣችው። "ምን ሆናችሁ ነው? ለሆድ ጥሩ ነው" አለችን፤ እኛ መሬት ላይ ተንከባለልን።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ደስታ ዓርብ ዓርብ ነው። እሑድ፣ የዚህ አገር ሰኞ፣ ሥራ አለ። ከተቆረጥኩ በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ኮቴን ለብሼ፣ ከንፈሬን ተቀብቼ፣ ያለኝን ትልቁን ጉትቻ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ገባሁ። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ናዲን የምትባል ሴት ነበረች፤ ጥንቁቅ፣ ሽቶዋ ከእሷ በፊት የሚገባ፣ ጸጉሯ አንድ ዘለላ እንኳን ከቦታው ወጥቶ የማያውቅ። ቢሮዋ አስጠራችኝ።

"ታመሻል?" አለችኝ።

"ደኅና ነኝ።"

"እንግዲያ ምንድን ነው ይሄ? አንቺ የክሊኒኩ ፊት ነሽ፣ ፍሬሕይወት። ሰው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው አንቺን ነው። ያንን ሌላውን፣ በፊት የነበረውን አድርጊ።"

"እሱ ጸጉሬ አይደለም። ይሄ ነው ጸጉሬ። ታጥቧል፣ ተበጥሯል።"

"የተበጠረ አይመስልም።"

"እንዲህ ሆኖ ነው የሚበጠረው" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከዚያ በፊት ለማንም አለቃ እንዲህ መልሼ አላውቅም።

አልተቆጣችም። በማግስቱ ሌላ ልጅ እኔ ቦታ ተቀመጠች፤ እኔን ታች ወደ ፋይል ክፍል አወረዱኝ። መስኮት የለውም። የበሽተኞችን ካርድ በፊደል ተራ እደረድራለሁ፤ ስልክ አይደወልልኝም፤ ማንም ደኅና አደርሽ አይለኝም። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ በክሊኒኩ ነው፤ ውጪ ብባል አገሬ መግባቴ ነው፤ ከእኔ ደመወዝ ደግሞ ወንድሜ ኮሌጅ ይማራል። ሁለት ጠዋት ዊጉን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አልጋ ላይ አስቀምጬ አየሁት። ለሰዓዳ ነገርኳት። ትገስጸኛለች ብዬ ነበር።

"ከፈራሽ አድርጊው" አለችኝ። "መፍራት ነውር አይደለም። ሹግል ነው፣ ሥራ ነው፤ እንጀራ ነው። ካልፈራሽ ግን አታድርጊው። ለእኔ ብለሽ ግን ምንም እንዳታደርጊ።"

አላደረግኩትም። የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እዚያ በቆየሁባቸው ሁለት ወራት፣ ማንም በማያየኝ ክፍል ውስጥ፣ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ቀድሜ እየተነሳሁ ጸጉሬን እሠራ ነበር። ውኃ እረጫለሁ፣ እጠቀልላለሁ፣ ግንባሬ ላይ ያለውን በለስላሳ ብሩሽ አስተኛለሁ፣ ጉትቻ እሰካለሁ። ከዚያ ወርጄ ከካርቶን ጋር እውላለሁ። ያማርኩት ማንም በማያየኝ ቦታ ነው፤ እና ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ለራሴ ብዬ ያማርኩበትን አንድ ቀን አላስታውስም። ሁልጊዜ ለመንገዱ ነበር፣ ለአክስቴ ነበር፣ ለክሊኒኩ በር ነበር።

ላይ የተቀመጠችው ልጅ አረብኛ አትችልም ነበር። ቀጠሮ ይደበላለቅ ጀመር። አንድ ከሰዓት ናዲን ራሷ ወደ ፋይል ክፍሉ ወረደች፤ ከዚያ በፊት አንድም ቀን ወርዳ አታውቅም። በሩ ላይ ቆማ ካርቶኖቹን አየች፣ እኔን አየች። "ነገ ወደ ቦታሽ ተመለሺ" አለች። ይቅርታ የሚባል ነገር አልነበረም። ልትወጣ ስትል ዞር አለችና፣ "ግን አበጥሪው" አለች።

"አበጥሬዋለሁ" አልኳት።

ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች። ያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ጸጉሬ አንስታ አታውቅም። እዚያ ክሊኒክ አምስት ዓመት ሠራሁ።

ሰዓዳ ከሁለት ዓመት በኋላ አገሯ ልትገባ ሆነ። ስድስት ዓመት ሙሉ እናቷን አላየችም። አንድ ዓርብ መጥታ ሻይዋን እንኳን ሳትጠጣ፣ "ፍሬ፣ ቅጥያ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ፈልጊልኝ። ረጅም። እዚህ ድረስ" አለችኝና ደረቷን ነካች።

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የተከዳሁ ያህል ነው የተሰማኝ። "አንቺ? አንቺ ነሽ ይሄን የምትይው? ፋይል ክፍል ስወርድ ምን እያልሽ ነበር?"

"አንቺ ማናጀር ነው የገጠመሽ፣ ፍሬ። እኔን የምትገጥመኝ እናቴ ናት።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "አልነገርኳትም። በስልክ ጸጉርሽ እንዴት ነው ስትለኝ አድጓል እላታለሁ። ስድስት ዓመት አድጓል ብያታለሁ። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ያን ቀን በእጇ የሠራችውን እንዴት እንደጣሉት ነው የምነግራት?"

በማግስቱ ሹሩባ ሠሪ ፈለግኩላት፤ በሚቀጥለው ዓርብ እዚሁ ሠፈር አንድ ሳሎን አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጣ ተሠራች፤ እኔም አጠገቧ ጸጉሩን ለሠሪዋ እያቀበልኩ ዋልኩ። ስትጨርስ መስታወት ውስጥ ያለችው ሌላ ሴት ነበረች፤ ቆንጆ፣ ግን ሌላ። አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘኋት እኔ ነኝ። ሂጃቧ ሥር ሹሩባው ወደ ኋላ ገፍቶ ይታያል። አቅፋኝ፣ "ዱዓ አድርጊልኝ" አለች። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እሺ አልኳት፤ አደረግኩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደወለች። ስልኩ ይቆራረጣል፤ ከበስተጀርባ ዶሮ ይሰማል። ደኅንነቷን ጠየቅኳት። ስለ ጸጉሩ ልጠይቃት ፈራሁ። ራሷ ጀመረች።

"በሦስተኛው ቀን ነው" አለች። "እናቴ ከቤት ደጅ ጸሐይ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። ነይ ሹሩባሽን ልፍታልሽ፣ የመንገድ አቧራ አለበት አለችኝ። ይቅር አልኳት። እምቢ አለች። ምን ላድርግ? እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አንዱን ያዘች፣ ፈታችው፣ ፈታችው... ከዚያ እጇ ላይ ቀረ።"

"ወይኔ ሰዓዳ!"

"ሁለተኛውንም ፈታች። እሱም እጇ ላይ ቀረ። ማን ቆረጠሽ አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። የመጀመሪያውን ቤት፣ ማሽኑን፣ ሹሩባው እንደወደቀ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ራሴ እንደምቆርጠው። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሁሉንም እስክትጨርስ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ቅጥያውን ሁሉ ጎኗ ከመረችው። ከዚያ ቅቤ አመጣች።"

"ለምኑ?"

"እኔም እንዲሁ አልኳት። እማ፣ ይቺን ለምታክል ጸጉር ቅቤ ምን ያደርጋል አልኳት። ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እኔ ድሮስ የምቀባው ራስሽን ነው እንጂ ጸጉርሽን መቼ ነው?' አለችኝ። ከዚያ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀባችኝ። እዚያው ጸሐይ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ፍሬ። እስከ ዐሥር ሰዓት ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም።"